ሁለት ጣት ያጠረ እጅጌ

ቨርኒስ ብሮድናክስ ሃያ አራት ዓመት ከሁለት ወር የሰው ላብ አጥባለች። ይህን የምለው ለማሳዘን አይደለም፤ ሥራዋ ነበር። በዊሎ ፎርክ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ሥር፣ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ፣ የመቶ ሃያ ጎረምሳ ማልያ፣ ካልሲና ፎጣ በየቀኑ ታጥባለች፣ ታደርቃለች፣ የተቀደደውን ትሰፋለች። የሣር እድፍ ከነጭ ሱሪ ላይ እንዴት እንደሚለቅ በአላባማ ምድር እንደ እሷ የሚያውቅ አልነበረም። እኔ ዊንደል እባላለሁ፣ የትጥቅ ክፍሉ ኃላፊ ነኝ፤ በወረቀት አለቃዋ ነበርኩ። አለቃ የሚያሰኝ ነገር ግን አድርጌላት አላውቅም።

ሞላላ ኳስ ታቅፈው የሚጋጩበት የአሜሪካ ፉትቦል ቡድናችን «በቅሎዎቹ» ይባላል። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች ይላል ተረቱ። ይህን የተረተ ሰው ዊሎ ፎርክን አላየም። እኛ ዘንድ በቅሎ ገመዷን ስትበጥስ ገመዱን አስረዝመው፣ ገብስ ጨምረው፣ መርቀው ነው የሚሸኟት። አሰልጣኝ ይቀጠራል፣ የዐሥር ዓመት ውል ይፈርማል፣ በሦስተኛው ዓመት በሽንፈት ላይ ሽንፈት ይደርብና ይባረራል። ከዚያ ላልሠራበት ለሰባት ዓመት ደመወዝ ይቆረጥለታል። የውል ማፍረሻ ይሉታል። አባቴ ከእንጨት መሰንጠቂያው ሲባረር የተሰጠው ነገር ቢኖር የበሩ አቅጣጫ ነው።

ቨርኒስ በዘመኗ አምስት አሰልጣኝ አይታለች፤ ሁሉንም በልብሳቸው ታውቃቸዋለች። አንደኛው ስንሸነፍ ብቻ ትንባሆ ያኝክ ነበር። ሚስቱ አታውቅም፣ ቨርኒስ ግን ከኪሱ እያራገፈች ታውቃለች። የመጨረሻው ትሬንት ማኬልቪ ደግሞ አርባ ሁለት ለሦስት ተሸንፎ እንኳ ሸሚዙ እንደ ደረቀ ነበር የሚመለሰው።

«ይሄ ሰውዬ አያልበውም» አለችኝ ገና በመጀመሪያው ዓመቱ። «የማያልበው ሰው ዕቃውን ከሻንጣ አያወጣም።»

እንዳለችውም ሆነ። ባለፈው ኅዳር አባረሩት። አሥራ ዘጠኝ ሚሊዮን ዶላር ይዞ ፍሎሪዳ ገባ፤ አሁን ባሕሩ ዳርቻ ላይ ቤት እያሠራ ነው አሉ።

ታሪኩ የሚጀምረው ግን ከማኬልቪ በፊት ከነበረው ከድዋይት ሳተርፊልድ ነው። ሳተርፊልድ በወጣትነቱ ሲጫወት ቀኝ ክንዱ ተሰብሮ በደንብ ሳይገጥም ቀርቷል፤ ከግራው ሁለት ጣት ያህል ያጥራል። ያፍርበታል። በነሐሴ፣ አስፋልቱ ጫማ በሚያጣብቅበት ሙቀት እንኳ እጅጌው ሙሉ የሆነ ሸሚዝ ነበር የሚለብሰው፤ ቀኙ እጅጌ ደግሞ መዳፉን እየሸፈነ ያስቸግረዋል። በመጣ በሁለተኛው ሳምንት ቨርኒስ ማንም ሳይነግራት የሸሚዞቹን ሁሉ ቀኝ እጅጌ ሁለት ሁለት ጣት አሳጥራ፣ ተኩሳ፣ አጥፋ ላከችለት። ሰውየው ራሱ ወደ ምድር ቤቱ ወርዶ መጣ። ብዙ አላወራም። «ሚስቴ እንኳ አላየችውም፣ እናቴ» ብሎ ግንባሯን ስሞ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «እናቴ» እንዳላት ቀረ።

ከሰባት ዓመት በፊት እሱም በተራው ተባረረ። የዊሎ ፎርክ ሰው ሲጠላ እንዴት እንደሚጠላ አሳየው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም እንዲሉ፣ ግቢው ውስጥ «ይህ ቤት ይሸጣል» የሚል ሰሌዳ በየሌሊቱ ይተክሉበት ጀመር። የሚተክሉት የባንክ ሠራተኞች፣ አስተማሪዎች፣ የቤተ ክርስቲያን ዘማሪዎች ናቸው። ቨርኒስ ወደ ሥራ ስትሄድ መኪናዋን እያቆመች ሰሌዳዎቹን ትነቅል ነበር፤ አርባ አንድ ነቅላለች። ለሚስቱም ዶሮ በሩዝ ሠርታ በትሪ ወሰደችላት። በዚያ ሳምንት ያንን በር ያንኳኳ ሌላ ሰው አልነበረም። እኔም አላንኳኳሁም።

ሲሰናበታት «ቀን ቢመልሰኝ አልረሳሽም» አላት። በስድስት ዓመት ተከፍሎ የሚያልቅ አሥራ አንድ ሚሊዮን ይዞ፣ ከከተማው አርባ ደቂቃ ርቆ ባለው ሐይቅ ዳር ዓሣ ሊያጠምድ ሄደ። እሷ በሰዓት አሥራ አራት ዶላር እየተከፈላት ካልሲ ማጠቧን ቀጠለች።

ወደ ባለፈው ኅዳር ልመለስ። ማኬልቪ በተባረረ ማግስት የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሁላችንንም ሰብስቦ ጊዜው ቀበቶ የማጥበቂያ ነው አለን። አሥራ ዘጠኙን ሚሊዮን ማን እንደፈቀደ አልነገረንም፤ የማን ቀበቶ እንደሚጠብቅ ግን ነገረን። የሚታጠፉ የሥራ መደቦች ዝርዝር በጥር ይወጣል አለ።

ቨርኒስ ሃያ አምስት ዓመት አገልግሎት ከሞላት ሙሉ ጡረታ ከነጤና መድኑ ይከበርላታል። አንድ ቀን ከጎደለ ጡረታው በግማሽ ያጥራል፣ መድኑ የለም። ባሏ ኦቲስ የልብ በሽተኛ ነው፤ የአንድ ወር መድኃኒቱ የእሷን የአንድ ወር ደመወዝ ያክላል። በዚያን ጊዜ የቀራት አንድ ዓመት ብቻ ነበር፤ ዝርዝሩ በሚወጣበት ጊዜ ደግሞ አሥር ወር ይሆናል። የማድረቂያው ማሽን ላይ የቀን መቁጠሪያ ለጥፋ ቀኑን በየማታው ትሰርዝ ነበር።

ለአዲሱ አሰልጣኝ ከተማው አበደ። ማን እንደሚቀጠር ከአራት ሰው በቀር የሚያውቅ የለም ይባላል። ውሸት ነው፤ ስድስት ነበርን። አሰልጣኙ ለጋዜጠኞች በሚቀርብበት ቀን የቡድኑን ሹራብና ኮፍያ ለብሶ መታየት አለበት፣ ስለዚህ ልኩ ከሁለት ቀን በፊት ወደ እኛ ወደ ምድር ቤት ይወርዳል። አፋችንን ለመዝጋት ፈርመናል። ያን ጊዜ የወረደው ወረቀት ላይ ስም የለም፤ «ትልቅ ልክ። ቀኝ እጅጌ በሁለት ጣት ይጠር» ይላል።

ቨርኒስ ወረቀቱን ሁለቴ አንብባ ፎጣ መያዣው ቅርጫት ላይ ተቀመጠች። ሳቋ አላስቆማት ብሎ ነው።

«ዊንደል፣ መልሰው ገዙት እኮ!» አለችኝ። «ስድስት ዓመት ሙሉ ሂድልን ብለው ከፍለው፣ ክፍያው ባለቀ በአምስት ወሩ ና ብለው ሊከፍሉት ነው። እኔ ያጠብኩትን ልብስ መልሼ ብገዛ ኦቲስ ጸበል ይወስደኝ ነበር።»

ከዚያ መርፌዋን አንስታ ክሩን አስገባች።

«እንግዲህ ልጄ መጣ» አለች። «አሁን ምንም አልሆንም።»

በማግስቱ ራንዳል ኮከር ወረደ። ኮከር ትራክተር ሻጭ ነው፣ የዩኒቨርሲቲው ቦርድ አባል ነው፣ ማኬልቪን ለማባረር ከኪሱ ሁለት ሚሊዮን ያዋጣ ሰው ነው። ሚስጥሩ ለእሱም ስላልተነገረው ንዴቱ ቡትስ ጫማው ድረስ ወርዶ፣ አሁን የተወለወለውን ወለል እየረገጠ ገባ።

«እትዬ ቨርኒስ፣ እንዴት ነሽ፣ ኦቲስ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው። ጫማህን ብታራግፍ ደግሞ እኔም ደህና እሆናለሁ።»

«ስሙን ንገሪኝ አልልሽም። ልኩን ብቻ። ወፍራም ነው ቀጭን?»

«ሁለት ሚሊዮን ሰጥተህ ምን እንደገዛህ አታውቅም?» አለችው። «እኔ የአንድ ዶላር ሳሙና ስገዛ እንኳ አሽትቼ ነው።»

ኮከር ሳቀ፤ ደስ ብሎት ግን አይደለም። በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋው።

«ስሚኝ፣ ጥር ላይ የሚወጣውን ዝርዝር የሚያጸድቀው ቦርዱ ነው። የልብስ ማጠቢያው እዚያ ውስጥ አለበት፤ አይቼዋለሁ። አንድ መስመር ማሰረዝ ለእኔ ምንም አይደለም። አንቺም አንድ ነገር ብትይኝ ምንም አይደለም።»

እኔ እስክሪብቶ የምፈልግ መስዬ መሳቢያ እከፍታለሁ። ቨርኒስ ሹራቡን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ቀኝ እጅጌውን እያሳጠረች ነበር። ኮከር ቢያስተውል ኖሮ መልሱ ዓይኑ ሥር ነው። እንዲህ ያለ ሰው ግን የሚሰፋን እጅ አያይም።

«ፈርሜያለሁ፣ አቶ ኮከር» አለችው። «ውል ማፍረስ ለእናንተ ነው የሚያዋጣው።»

ሲወጣ እግሯ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። «ምናለበት ብትነግሪው! ነገ ከነገ ወዲያ ዓለም ሁሉ የሚያውቀውን ነገር!»

«ልጄ ራሱ እየመጣልኝ ለምን ባዳ እለምናለሁ?» አለች። «ደግሞ ስሙ ቀድሞ ከወጣ እነዚያ ሰሌዳቸውን ይዘው ይነሱና ያስቀሩታል። እኔ አርባ አንዱን የነቀልኩት ለዚህ ነው?»

ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው። ልነግራት ይገባ ነበር፤ አልነገርኳትም። እኔም በልቤ ያችን ላም አምኛት ነበር።

የዚያን ሳምንት እብደት አንዱን ብቻ ልናገር። የእኛ ሰዎች የግል አውሮፕላኖችን በረራ በስልካቸው ይከታተላሉ፤ ከኦክላሆማ አንዲት ትንሽ ጄት ወደኛ መነሳቷን አይተው አዲሱ አሰልጣኝ መጣ ብለው ስድስት መቶ ያህል ሰው አውሮፕላን ማረፊያው ሄደ። ጥሩምባ ነፉ፣ ቡናማ ጨርቅ የለበሰች እውነተኛ በቅሎ አቆሙ። በሩ ሲከፈት አንድ የጥርስ ሐኪም ከነሚስቱ ወረደ፤ ለአክስቱ ቀብር ነበር የመጣው። እንባውን ሳይጠርግ በጭብጨባ ተቀበሉት። በዚያችው ሰዓት ሳተርፊልድ በገዛ ፒክአፑ ከሐይቁ ወደ ከተማ እየገባ፣ ነዳጅ ማደያው ጋ ቆሞ የተቀቀለ ኦቾሎኒ ይገዛ ነበር። ማንም አላወቀው።

በማግስቱ ካሜራ ፊት ቀረበ። ሹራቡ ልክክ ብሎበታል። ሰሌዳ ሲተክሉ የነበሩት እጆች ሁሉ አጨበጨቡ፣ «ወደ ቤቱ ተመለሰ» ብለው አለቀሱ። እሱ ከመድረኩ ወርዶ ከኋላ የቆመችውን ቨርኒስን አቀፋት። «ይህች እናቴ ናት። ቤተሰብ ማለት ይህ ነው» አለ። ፎቶው በሳምንቱ አውራ ጎዳናው ላይ ባለው ትልቅ የማስታወቂያ ሰሌዳ ተሰቀለ፤ የቤት ያህል ሆና ቨርኒስ፣ የቤት ያህል ሆኖ እሱ፣ ከሥሩ «በቅሎዎቹ፦ አንድ ቤተሰብ» የሚል ጽሑፍ። ለፎቶው አምስት ሳንቲም አልተከፈላትም። ኦቲስ ግን አላፊ አግዳሚውን መኪና እያስቆመ ያሳይ ነበር።

በጥር ደብዳቤው መጣ። ማጠቢያው ከበርሚንግሃም ለመጣ ኮንትራክተር ተሰጠ፤ በየማለዳው መኪና መጥቶ ልብሱን ይወስዳል፣ ማታ ይመልሳል። የቨርኒስ መደብ ታጥፏል። ከሳምንት በፊት አውቄው ነበር፤ የርክክቡ ወረቀት ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ለእኔም ጡረታ ሰባት ዓመት ይቀረኛል። ሌላ ምክንያት የለኝም፤ ይህም ምክንያት ከተባለ።

ሳተርፊልድን ለማነጋገር ሦስተኛ ፎቅ ወጣች፤ አብሬያት ወጣሁ። አንድ ሰዓት ተኩል አስጠበቁን። ስንገባ ግን አቀፋት።

«እናቴ! ምነው ሳልጠራሽ?»

«አሥር ወር ነው የቀረኝ፣ ልጄ» አለችው። «ደመወዙን ቀንሱት፣ ግድ የለም። ወለል እወለውላለሁ። አሥር ወሩን ብቻ ልጨርስ።»

ፊቱ ላይ የሆነ ነገር አለፈ፤ ማዘን መስሎኝ ነበር። ሰዓቱን አየ።

«እናቴ፣ እኔ እንዲህ ያለውን ጉዳይ አላይም» አላት። «ቢሮውን አናግሪ።»

የሰውየው ውል ስልሳ ሁለት ገጽ ነው። የግል አውሮፕላን ሰዓት፣ ሁለት መኪና፣ የጎልፍ ክለብ፣ ለዘመዶቹ ሃያ ወንበር፣ የግቢውን ሣር የሚያጭድለት ሰው ሳይቀር ተጽፎበታል። ለቨርኒስ አንዲት መስመር ይበቃት ነበር። ኮከር ደግሞ ያቺን መስመር ምድር ቤታችን ድረስ ይዞላት ወርዶ ነበር፤ ለዚህ ሰው ብላ ነው የመለሰችው። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ወደ ምድር ቤቱ ወረድን። የቀን መቁጠሪያዋን ላጠችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። አሁን በመኪና ሃምሳ ደቂቃ ርቆ ባለ ሆስፒታል አንሶላ ታጥባለች፤ የአገልግሎት ዘመኗ ከዜሮ ተጀመረ። መድኑ የማይጀምርባቸውን ሦስት ወራት ለመሻገር ከአባቷ የወረሰችውን መሬት ሸጠች። ወደ ሥራ ስትሄድም ስትመለስም በገዛ ፎቶዋ ሥር ታልፋለች።

ጨዋታው ጀመረ። ኮንትራክተሩ ያጥባል እንጂ አይሰፋም፤ ሸሚዞቹ ከፋብሪካ እንደወጡ ነው ሳተርፊልድ የለበሳቸው። ቀኝ እጅጌው ወርዶ ጣቱን ሸፈነው። ሜዳው ዳር ቆሞ ምልክት ሊሰጥ እጁን ሲያነሳ ጨርቅ ብቻ ይወዛወዛል። ታዲያ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጨዋታዎች አሸነፍን። የዊሎ ፎርክ ሰው ምን አለ መሰላችሁ? የእጅጌው በረከት ነው አለ። በአራተኛው ሳምንት ከንቲባው፣ ፓስተሩ፣ የባንኩ ገንዘብ ከፋይ ሳይቀሩ ቀኝ እጅጌያቸውን አንጠልጥለው ይዞሩ ጀመር። ቀኝ እጅጌው ከግራው የረዘመ ሸሚዝ በሰማንያ አምስት ዶላር ወጣ፤ ኮከር በትራክተር መደብሩ ይሸጠዋል። ሾርባ ሲበሉ እጅጌያቸው ሳህኑ ውስጥ ይገባል፣ ጨምቀው ይቀጥላሉ። ለእኛ ለሠራተኞቹ ደግሞ እንድንለብሰው ትእዛዝ ወረደልን። ለበስኩ።

ከዚያ አራት ተከታታይ ጨዋታ ተሸነፍን። በሳተርፊልድ ግቢ ሦስት ሰሌዳ በቀለ፤ አሁን የሚነቅልለት የለም።

አንድ እሑድ ኦቲስን ልጠይቅ ብዬ ሸሚዙን እንደለበስኩ እነቨርኒስ ቤት ሄድኩ። በሩን ከፍታ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«አውልቀው» አለችኝ።

«እትዬ ቨርኒስ፣ ትእዛዝ ስለሆነ ነው...»

«አውልቀው አልኩህ እኮ። እንዲህ ሆነህ ማዕዴ ላይ አትቀርብም።»

በካናቴራ ተቀምጬ ከኦቲስ ጋር አተር ስበላ እጅጌውን ቆርጣ፣ አጥፋ፣ ሰፋችው። ዓይኗን ቀና ሳታደርግ ነበር የጨረሰችው። ስለ ፈረምኩት ወረቀት እንደምታውቅ ኦቲስ ነገረኝ፤ እሷ አንድም ቀን አላነሳችብኝም።

ሰኞ ዕለት ሳተርፊልድ ኮሪደር ላይ አገኘኝና ዓይኑ ክንዴ ላይ ቆመ።

«ያንተን ማን አሳጠረልህ?»

«እትዬ ቨርኒስ።»

ፊቱ በራ። የእውነት ነው የምላችሁ፣ እንደ ልጅ በራ። «እናቴ! ደህና ናት? ምነው ሰሞኑን ታች አጣኋት?» አለና ወደ ቢሮው ጎትቶ አስገባኝ፤ ዘጠኝ ሸሚዝ አሸከመኝ። «እስከ ቅዳሜ ታድርስልኝ። ትወደኛለች፣ እምቢ አትልም።»

ሰሞኑን ያለው ዘጠኝ ወር ነው። ሸሚዞቹን የመኪናዬ ኋላ ጭኜ፣ እያፈርኩ፣ ማታውኑ ወሰድኩላት። ከሥራ ገብታ ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ ነበር። የላይኛውን ሸሚዝ አንስታ ቀኝ እጅጌውን በጣቷ ለካችው፤ ሁለት ጣት። እጇ ልምዱን አልረሳም። ከዚያ እንደነበረ አጥፋ ክምሩ ላይ መለሰችው።

«ምን ብዬ ልንገረው?» አልኳት።

«እኔ እንዲህ ያለውን ጉዳይ አላይም» አለች። «ቢሮውን ያናግር በለው። ቃል በቃል ንገረው፣ ዊንደል። ይችን እንኳ አትፍራ።»

አልፈራሁም። በማግስቱ ዘጠኙን ሸሚዝ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ ቃል በቃል፣ ዓይኑን እያየሁ ነገርኩት። እንዲያፍር ጠበቅሁ። ቢቆጣኝም ደስ ይለኝ ነበር።

ግንባሩን ቋጠር አድርጎ ለማስታወስ ሞከረ።

«የቱን ቢሮ?» አለኝ። የምሩን ነበር።